ደሴ ለምታድሩ መንገደኞች፣ ፒያሳ ያለችው ኢንተርኔት ቤት

ከአዲስ አበባ ወልዲያ ስሄድ ደሴ አደርኩ፣ ማታ ስራዬን ልጨርስ ብል የስልኬ ዳታ አልከፍት አለኝ፣ ያረፍኩበት አልጋ ቤት ደግሞ ዋይፋይ አለ ብለውኝ ስገባ የለም። እና ፒያሳ ወርጄ ፎቅ ስር ያለች፣ አምስት ኮምፒውተር ብቻ ያላት ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። በመንገድ እንዲህ አይነት መስተንግዶ አጋጥሞኝ አያውቅም።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ስለ ጥንት ግብፅ ንግስቶች ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁትን ፍላሼን ስሰካው ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። ሁለት ሳምንት የለፋሁበት! እዛ የሚሰራው ልጅ "አብሽሪ እህቴ፣ አልጠፋም፣ ቫይረሱ ደብቆት ነው" አለኝና አስር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉንም አወጣልኝ፣ ለሱ አንድ ብር አልቀበልም አለ፣ የኢንተርኔቱን ብቻ ነው የከፈልኩት።

ፂም ያላት ሃትሼፕሱት ስክሪኑ ላይ ስትወጣ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለኝ። ሴት ናት አልኩት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከ20 አመት በላይ ፈርኦን ሆና የገዛች፣ ፂሙም የንግስና ምልክት ነው። ከሞተች በኋላ ስሟንም ምስሏንም ከግድግዳ ላይ ፈቅፍቀውት ነበር እኮ፣ የጥንት ግብፅን ፅሁፍ የፈታው ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1829 ቤተ መቅደሷ ወዳለበት ዴር ኤል ባህሪ ሄዶ ሲያነብ ምስሉ ወንድ ንጉስ ሆኖ ፅሁፉ ግን ልክ እኛ "ነገሰች" እንደምንለው የሴት ሆኖበት ግራ ገባው። ይሄን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ውስጤን ይነካኛል፣ አጥፊዎቹ ሳያስተውሏት የቀረች የቃል መጨረሻ!

ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ አንድ አባት ሰምተው ወንበራቸውን ስበው ተጠጉን። ከፑንት 31 የከርቤ ዛፍ ከነስሩ በቅርጫት እንዳስመጣች ነገርኳቸው፣ ፑንትን ብዙ ምሁራን እዚሁ በኛ ቀይ ባህር አካባቢ ነው የሚያደርጓት፣ ከዛ ደግሞ ሌላዋን የግብፅ ንግስት አህሆቴፕን፣ ልጇ ንጉስ አህሞስ ወታደሩን ሰብስባ ሀገር አፀናች ብሎ ካርናክ ቤተ መቅደስ ያስፃፈላትን፣ ከመቃብሯ ሶስት የወርቅ ዝንቦች፣ የጀግንነት ሽልማት ናቸው የሚባሉት፣ የተገኙላትን። "ልጄ፣ የኛን ወርቂትንስ ለተማሪዎችሽ አትነግሪም?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ የወሎዋ ገዢ ወይዘሮ ወርቂት የራሳቸው ልጅ አፄ ቴዎድሮስ እጅ እያለ ምኒልክን አሳልፈው አልሰጡም፣ ልጃቸውም ተገደለባቸው። እዛው ቁጭ ብዬ አንድ ስላይድ ጨመርኩ።

ኢንተርኔት ቤቷ ጉድለትም አላት፣ የሁለቱ ኪቦርድ ፊደል ተፍቋል፣ አማርኛ የሚፅፈው ከአምስቱ ሶስቱ ብቻ ነው፣ ከአስራ ሁለት ሰዓት በኋላ ጌም የሚጫወቱ ልጆች ስለሚገቡ ጫጫታ አለ። ኢሜይል ግን አባሪው ከባድ ቢሆንም ቶሎ ሄዶልኛል። ፕሪንት የምታደርጉ ጥቁርና ነጩን አድርጉ፣ የከለሩ ቀለም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ማታ እስከ ሶስት ሰዓት ክፍት ናት፣ የሌሊት አውቶብስ ያለባችሁ ቀድማችሁ ሂዱ።