አሲርቲኮን በሀገሩ፣ ከሀገሩ ምግብ ጋር

የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ከሄዳችሁ ራታችሁን ቱሪስት ከሚበዛባቸው ከፊራና ከኢያ ከተሞች ወጣ ብላችሁ ብሉ። እዚያ የሚያስከፍሏችሁ ለጀንበሯ መጥለቅ ነው። እኔ የበላሁት ሜጋሎሆሪ መንደር፣ ባሕር የማይታይባት አንዲት ትንሽ ታቨርና (የግሪክ ምግብ ቤት) ውስጥ ነው። ከአጥሩ ማዶ ግን የወይን እርሻ አለ።

ያዘዝኩት የደሴቲቱን ነጭ ወይን፣ አሲርቲኮን ነው። መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ ይላል። ወዲያው ጨው ጨው የሚል ነገር ምላስ ላይ ይቀራል። ጣፋጭ ወይን ለለመደ ሰው የመጀመሪያው ጉንጭ ይኮመጥጠዋል። ምግቡ እስኪመጣ ታገሱት። በበረዶ ባልዲ ነክረው ስላመጡት ጠረኑ ጠፍቶ ነበር። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳቆየው መዓዛው ወጣ።

ፋቫው ግሩም ነው። መልኩ ቁርጥ ክክ አልጫ ነው፤ እህሉ ደግሞ የጓያ የቅርብ ዘመድ። ልሞ ተቀቅሎ የወይራ ዘይት፣ ጥሬ ሽንኩርትና ኬፐር (በጨው የተቀመጠ የአበባ እምቡጥ) ጣል ተደርጎበታል። ለጿሚም ይሆናል። ከደሴቲቱ ትናንሽ ቲማቲሞች የሚጠበሰው ቶማቶኬፍቴዴስም ትኩስ እንደሆነ መጣ፤ ዳር ዳሩ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ እርጥብ ነው። የወይኑ ኮምጣጣነት የዘይቱን ክብደት ጠራርጎ ይወስደዋል። ኦክቶፐሱ ግን እሳት በዝቶበት ደርቋል፤ እለፉት።

የወይኑ ዋጋ ይወደዳል። ከመፍረዳችሁ በፊት እርሻውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። አፈሩ ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳው እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ቀላል ድንጋይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ወይን የፈጀው ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ እዚህ አፈር ውስጥ መኖር ስላልቻለ፣ ሐረጎቹ ዛሬም በሌላ ተክል ሥር ላይ ሳይጣበቁ በራሳቸው ሥር ነው የቆሙት። ገበሬው ሐረጉን መሬት ላይ እየጠመዘዘ ቅርጫት ያደርገዋል። ዘለላው ውስጡ ተሸሽጎ ከነፋስና ከፀሐይ ይድናል። አንዱን ጎንበስ ብዬ ነካሁት፤ ግንዱ የክንዴን ያህል ወፍሮ፣ ቅርፊቱ በእጅ ይላጣል። ሲያረጅ ከላይ ይቆረጥና ከዚያው ሥር እንደገና ይበቅላል። ዝናብ እምብዛም ስለሌለ ምርቱ ጥቂት ነው። ለቀማውም በእጅ፣ በጎንበስ ነው።

ሳንቶሪኒ በዚህ ወይን እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስም አላት። ስሙ ግን መሬቱን አላዳነውም። ሆቴልና ቪላ በተሠራ ቁጥር እርሻው እየጠበበ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የመቶ ዓመት ሥር አንዴ ከተነቀለ በገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ እዚያ ተቀምጣችሁ ከሌላ ሀገር የመጣ ወይን አትዘዙ። ለገበሬው የሚደርሰው ገንዘብ ነው እርሻውን የሚያቆየው።

መስተንግዶው ፈጣንና ትሑት ነው። ለመጨረሻ ቪንሳንቶ በትንሽ ብርጭቆ ጠይቁ። የወይን ፍሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ ተጠምቆ በበርሜል የሚያረጅ ጣፋጭ ወይን ነው፤ ኬክ አያስፈልገውም። በአውሮፓ የበጋ ወራት ጠረጴዛ ቀድማችሁ ያዙ፤ ቤቷ ጠባብ ናት።