የተማሪ የባንክ ሂሳብ ግምገማ፦ ቀሪው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ምን ያስከፍላል?

ባንኮች ለዩኒቨርሲቲና ለኮሌጅ ተማሪ ብለው የሚያቀርቡት ሂሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚተዋወቀው በስጦታው ነው። የመክፈቻ ጉርሻ ይሰጣል፣ የጉዞ ቅናሽ ካርድ ይታከልበታል፣ ቁጠባው ላይ ከፍ ያለ ወለድ ይጻፋል። ስጦታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልቃል፤ ሂሳቡ ግን ሦስትና አራት ዓመት አብሮ ይቆያል። በእነዚያ ዓመታት የተማሪ ገንዘብ ሴሚስተሩ ሲጀመር ገባ ይልና እስከ መጨረሻው እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ የተማሪ ሂሳቦችን የመዘንናቸው ገንዘቡ ሊያልቅ በተቃረበበት ሳምንት በሚያሳዩት ጠባይ ነው። በምሳሌዎቹ ውስጥ የገንዘቡን ዓይነት አልጠራንም፤ ስሌቱ በየትኛውም አገር ገንዘብ ያው ነው።

ወርሃዊ ክፍያና ዝቅተኛ ቀሪ

ከወለዱ በፊት በየወሩ የሚቆረጠውን ጠይቁ። በወር 3 የሚቆርጥ ሂሳብ በዓመት 36 ይወስዳል። ያው ሂሳብ በዓመት 2 በመቶ ወለድ የሚከፍል ቢሆን፣ የተቆረጠውን ለማካካስ ብቻ ዓመቱን ሙሉ በአማካይ 1,800 ሳይነካ መቀመጥ አለበት። አማካይ ቀሪው 500 የሆነ ተማሪ በወለድ 10 ያገኛል፣ በክፍያ 36 ያጣል። ለዕለት ወጪ የሚሆን ሂሳብ ወርሃዊ ክፍያ ሊኖረው አይገባም። ወለድ የሚፈልግ ተማሪ ከጎኑ የተለየ የቁጠባ ሂሳብ ይክፈት፤ ወለድ የማይፈልግ ደግሞ ከወለድ ነፃ የሆነውን ይጠይቅ፣ ግን የአገልግሎት ክፍያው ከመደበኛው ጋር እኩል መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ከክፍያ ነፃ የተባለ ሂሳብ ከጀርባው ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ይችላል። ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ዝቅተኛው ቀሪ ሂሳብ ነው፤ ችግሩም ከመጠኑ ይልቅ አለካኩ ላይ ነው። የተጠየቀው 250 ነው እንበል። በ30 ቀን ወር ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት 600፣ የቀሩትን 20 ቀናት ደግሞ 100 ሂሳባችሁ ላይ ነበረ። ባንኩ የወሩን አማካይ የሚለካ ከሆነ ውጤቱ 266 ገደማ ስለሚሆን ታልፋላችሁ። የዕለቱን ዝቅተኛ ቀሪ የሚለካ ከሆነ ግን በ11ኛው ቀን ወድቃችኋል፣ ክፍያውም ይቆረጣል። ገንዘቡ ያው፣ ወጪው ያው፤ ልዩነቱ የታሪፍ ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ በደቂቅ ፊደል የተጻፈችው የአለካክ ሐረግ ናት። ከመፈረማችሁ በፊት "አማካይ ነው ወይስ የዕለት?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ባንክ ዋና ዋና ክፍያዎቹን ወጥ በሆነ ቅጽ ዘርዝሮ እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ መመሪያ ያስገድደዋል። በሌላም ቦታ ቢሆን ሙሉውን ታሪፍ በፒዲኤፍ ጠይቁ፤ ታሪፉን ለማሳየት የሚያቅማማ ባንክ ከዝርዝራችሁ ይውጣ።

ኦቨርድራፍት

በተማሪ ሂሳብ ላይ ከሁሉ የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ይህ ነው። ኦቨርድራፍት ማለት ሂሳባችሁ ዜሮ ካለፈ በኋላ ባንኩ የሚያበድራችሁ ገንዘብ ነው። ጥሩ የተማሪ ሂሳብ ይህን እስከ ተወሰነ ጣሪያ ያለ ወለድ ይሰጣል። ማስታወቂያው "እስከ 2,000 ድረስ" ይላል፤ ያ ጣሪያ ግን ለሁሉም አይሰጥም። ባንኩ የብድር ታሪክን ዓይቶ ለአንዱ 300፣ ለሌላው 1,000 ሊፈቅድ ይችላል፤ ከዓመት ዓመት ደረጃ በደረጃ የሚያሳድግም አለ። ስለዚህ ሁለት ሂሳብ ስታወዳድሩ ማነጻጸር ያለባችሁ በመጀመሪያው ዓመት በርግጠኝነት የሚፈቀደውን መጠን ነው፤ የትልቁ ቁጥር ጉዳይ በኋላ ይመጣል።

ቀጥሎ የሚታየው ከተፈቀደው ሲታለፍ የሚሆነው ነው። አንዳንዱ ባንክ ክፍያውን አያሳልፍም፤ ካርዱ አልሰራ ይላል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ሌላው ያሳልፈውና ያስከፍላል፤ የሚያስከፍልበት መንገድ ደግሞ ሁለት ነው። በወለድ የሚሰላው ለትንሽ ዕዳ ይራራል፦ በዓመት 40 በመቶ የሚታሰብበት የ400 ዕዳ በ25 ቀን 11 ገደማ ይወልዳል፣ የ20 ዕዳ ግን ከ1 በታች ነው። በየቀኑ ቁርጥ ክፍያ የሚጥለው ግን ትንሽ ትልቅ ብሎ አይለይም። በቀን 1 የሚቆርጥ ከሆነ፣ 20 የተበደረ ተማሪ በ25 ቀን 25 ይከፍላል፤ ክፍያው ከዕዳው በለጠ ማለት ነው። የተማሪ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ቁርጥ ክፍያ ያለበትን ሂሳብ አንመክርም። በእንግሊዝ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ተከልክሎ ባንኮች በአንድ ዓመታዊ የወለድ መጠን እንዲያስከፍሉ ተደርጓል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደንበኛው አስቀድሞ ካልተስማማ በኤቲኤምና በአንድ ጊዜ የካርድ ግዢ ላይ የኦቨርድራፍት ክፍያ መጣል አይቻልም። ሂሳብ ሲከፈት ይህ ስምምነት ከሌሎች ቅጾች ጋር ተደርቦ ለፊርማ ሊቀርብ ይችላል፤ ሳታነቡ አትፈርሙ። ባትስማሙ የሚደርስባችሁ ቢበዛ ካርዱ ሱቅ ውስጥ አልሰራ ማለቱ ነው።

ቀጥታ ተቆራጭን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። የቤት ኪራይ ወይም የስልክ ክፍያ በቀጥታ ተቆራጭ ከሆነ ገንዘቡን የሚስበው ተከፋዩ ነው፤ ቀሪው ካልበቃ ክፍያው ይመለሳል፣ ባንኩም ተከፋዩም በየፊናቸው ቅጣት ሊጥሉ ይችላሉ። ቋሚ ትእዛዝ ግን እናንተው የምትልኩት ስለሆነ ቀኑንም መጠኑንም ታስተካክላላችሁ። የሚቻል ከሆነ የክፍያ ቀናትን ድጎማው ወይም የቤተሰብ ገንዘብ ከሚገባበት ቀን ሁለት ሦስት ቀን አዘግዩ፤ ገንዘቡ በበዓል ወይም በቅዳሜና እሁድ ምክንያት አንድ ቀን ቢዘገይ ቅጣቱ አያገኛችሁም።

አፑ ላይ የሚታየውንም ቁጥር ሁሉ አትመኑ። ሁለት ቀሪ አለ፦ ሂሳቡ ላይ የተመዘገበውና አሁን ሊወጣ የሚችለው። ሆቴል በካርድ ሲያዝ ወይም ነዳጅ በካርድ ሲቀዳ፣ ትክክለኛው ሂሳብ እስኪደርስ ከፍ ያለ ገንዘብ ለቀናት ሊታገድ ይችላል። ጥሩ አፕ ሁለቱንም ለይቶ ያሳያል፣ የታገደውንም በዝርዝር ይጽፋል። አንዱን ብቻ የሚያሳይ አፕ ተማሪን ሳያውቀው ዕዳ ውስጥ ይከታል።

ኤቲኤምና የውጭ ምንዛሪ

የሌላ ባንክ ኤቲኤም ስትጠቀሙ ሁለት ክፍያ ሊኖር ይችላል፦ የማሽኑ ባለቤት የሚጠይቀውና የራሳችሁ ባንክ የሚጨምረው። በአንድ ወጪ 2 የሚቆረጥ ከሆነ 100ን በአንዴ ማውጣት 2 በመቶ፣ በአምስት ጊዜ 20፣ 20 ማውጣት 10 በመቶ ያስወጣል። ከባንኩ ስም ይልቅ ማሽኑ ግቢው ውስጥ ወይም መኖሪያው አጠገብ መኖሩ ይበልጣል።

ከአገር ውጭ የሚማር ወይም በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ሶፍትዌር የሚጠቀም ተማሪ የምንዛሪ ጭማሪውን ይይ። 3 በመቶ የሚጨምር ካርድ በ1,000 ግዢ 30 ይወስዳል። ማሽኑ "በአገርዎ ገንዘብ ይክፈሉ?" ሲል ደግሞ እምቢ በሉና በሻጩ አገር ገንዘብ ክፈሉ፤ በአገራችሁ ገንዘብ ከተስማማችሁ ምንዛሪውን የሚተምነው የማሽኑ ወይም የሻጩ ወገን ነው፣ ተመኑም አብዛኛውን ጊዜ የከፋ ነው።

ቅርንጫፍ ያለው፣ በአፕ ብቻ የሚሠራው፣ ዋሌቱ

ቅርንጫፍ ያለው ባንክ ካርድ ሲጠፋ፣ የስም ስህተት ሲፈጠር፣ ማኅተም ያለበት ስቴትመንት ለቪዛ ሲፈለግ ዋጋው ይታያል። በአፕ ብቻ የሚሠራው ደግሞ ክፍያው አነስ ይላል፣ ወጪ በወጣ ቁጥር ወዲያው ያሳውቃል፣ ካርድን በአንድ ንክኪ ያግዳል፤ ድክመቱ ሂሳብ በደኅንነት ምርመራ ሲታገድ ነው፣ ፊት ለፊት የምታስረዱት ሰው የለም። ለዕለት ወጪ አፑን፣ ለኦቨርድራፍትና ለሰነድ ቅርንጫፍ ያለውን አጣምሮ መያዝ ለብዙ ተማሪ ይስማማል፤ ሁለቱም ያለ ወርሃዊ ክፍያ ከሆኑ።

ዋሌት (በስልክ ገንዘብ የሚያዝበትና የሚከፈልበት አፕ) እና ባንክ መስሎ የሚታይ አፕ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ባንክ ውስጥ ያለ ተቀማጭ በብዙ አገር በተቀማጭ ዋስትና ይሸፈናል፤ በአሜሪካ በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር፣ በአውሮፓ ኅብረት እስከ 100,000 ዩሮ። ጣሪያው ተማሪን እምብዛም አያሳስበውም፣ የሚያሳስበው ከነጭራሹ መሸፈን አለመሸፈኑ ነው። ራሱ ባንክ ያልሆነ አፕ ገንዘቡን በሌላ ባንክ ያስቀምጣል፤ አፑ ወይም መሃል ያለው ድርጅት ሲወድቅ ዋስትናው በራሱ አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ሲናፕስ የተባለው አገናኝ ድርጅት ሲከስር ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ገንዘባቸው ታግዶባቸዋል፤ ገንዘቡ የተቀመጠባቸው ባንኮች ግን አልወደቁም ነበር። የድርጅቱን ፈቃድ በአገሩ ማዕከላዊ ባንክ ወይም ተቆጣጣሪ መዝገብ ላይ ፈልጉ። ባንክ ሆኖ ካልተመዘገበ የሳምንት ወጪ እንጂ የሴሚስተር ክፍያ አታስቀምጡበት።

አከፋፈቱ

አብዛኛው ባንክ የሚጠይቀው መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ የትምህርት ተቋሙ የምዝገባ ደብዳቤ፣ የአድራሻ ማስረጃና የግብር ነዋሪነት ቅጽ (ግብር የምትከፍሉበትን አገር የሚገልጽ) ነው። መጓተቱ የሚመጣው ከአድራሻው ነው፦ ቤት ለመከራየት ሂሳብ ይጠየቃል፣ ሂሳብ ለመክፈት አድራሻ። መውጫው ብዙውን ጊዜ ለባንክ ተብሎ የተጻፈ፣ አድራሻን የሚጠቅስ የተቋሙ ደብዳቤ ነው፤ ሬጅስትራር ወይም የተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ይሰጠዋል። ደብዳቤው ላይ ቀን፣ ማኅተምና ሙሉ ስም መኖሩን እዚያው ቆማችሁ እዩ።

ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ሳይቀር ይግጠም። በአባትና በአያት ስም የሚጠራ ተማሪ አንዱ ሰነድ ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል። ይህ ሂሳቡ ሲከፈት ሳይታይ አልፎ ድጎማው ሲላክ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ላኪው የጻፈውን የተቀባይ ስም ከሂሳቡ ባለቤት ስም ጋር የሚያመሳክሩ ባንኮች እየበዙ ነው። ሂሳቡ እንደተከፈተ ትንሽ ገንዘብ ልካችሁ ሞክሩ። አይባን (ዓለም አቀፍ የባንክ ሂሳብ ቁጥር) በሚሠራባቸው አገሮች ከአገሩ መለያ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አሃዞች ማረጋገጫ ስለሆኑ የአንድ አሃዝ ስህተት ይያዛል፤ የሌላ ሰውን ትክክለኛ ቁጥር ከሰጣችሁ ግን አይያዝም።

ስልክ ቁጥር ስትቀይሩ አሮጌው ሲም ሳይዘጋ በፊት ባንኩ ጋር ያለውን ቁጥር ለውጡ። ማረጋገጫው በአሮጌው ቁጥር ስለሚመጣ፣ ሲሙ ከጠፋ በኋላ አፕ ውስጥ መግባት ቅርንጫፍ ድረስ ያስኬዳል። ሂሳባችሁን ወይም ካርዳችሁን ግን ለማንም አታውሱ። "ገንዘብ ይገባልህ፣ ኮሚሽንህን ቀንሰህ ቀሪውን አስተላልፍ" የሚል ሰው የሚፈልገው የተማሪ ሂሳብ ነው፤ ገንዘቡ የተጭበረበረ ሆኖ ሲገኝ ስሙ የሚነሳው የሂሳቡ ባለቤት ነው። ሂሳቡ ይዘጋል፣ ክስም ሊመጣ ይችላል፣ በሌላ ባንክ መክፈትም ለዓመታት ይከብዳል።

ተመርቆ ሲወጣ

የተማሪነት ጥቅም የሚያበቃበትን ቀን ሂሳቡ ሲከፈት ጠይቃችሁ መዝግቡ። አንዳንዱ በምርቃት ወር፣ አንዳንዱ ከዓመት በኋላ ወደ መደበኛ ሂሳብ ይቀይራል፤ ወርሃዊ ክፍያ ይጀምራል፣ ያለ ወለድ የነበረው ኦቨርድራፍትም በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ጣሪያው ከ2,000 ወደ 1,000 ሲወርድ 1,800 ዕዳ ላይ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ወለድ የሚቆጠርበት የ800 ዕዳ ያገኛል። ከመጨረሻው ሴሚስተር ጀምሮ፣ ጣሪያው ከመውረዱ በፊት ዕዳውን አውርዱ።

የመጀመሪያ ደመወዛችሁ የት እንደሚገባም አስቡ። በብዙ አገር ባንክ ያበደረውን ከዚያው ደንበኛ ሌላ ሂሳብ ላይ የማቻቻል መብት አለው፤ ዕዳ ያለበት ባንክ ውስጥ የገባ ደመወዝ ኪራይ ሳይከፈል ሊወሰድ ይችላል። ዕዳው ካልተዘጋ ደመወዙን በሌላ ባንክ ተቀበሉና ዕዳውን በራሳችሁ መርሐ ግብር ክፈሉ። አሮጌውን ሂሳብ ስትዘጉ ቀሪውን ዜሮ አድርጋችሁ፣ ቀጥታ ተቆራጮችን አንድ በአንድ አዛውራችሁ፣ የሦስት ዓመቱን ስቴትመንት አውርዳችሁ፣ የመዝጊያ ማረጋገጫ በጽሑፍ ተቀበሉ። ሳይዘጋ የተተወ ሂሳብ ላይ ወርሃዊ ክፍያው መቆጠሩን ይቀጥላል።