የልጄን ጸጉር ላስቆረጠችልኝ ልጅ ምስጋና

ሰላም የጎንደር ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ይሄን እጽፋለሁ እጽፋለሁ እያልኩ ሁለት ወር አለፈኝ፣ ዛሬ ልጄ በጊዜ ስለተኛልኝ ልጻፈው።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ጸጉሩን የምቆርጠው ተኝቶ በመቀስ ነበር፣ አንዱን ጎን ጨርሼ ከነቃብኝ ሌላው ለነገ ማታ ያድራል። ጸጉር ቤት ከሄድንማ ማሽኑን ሲሰማ ገና በር ላይ ይጮሃል፣ ሰውም ዞሮ ያያል፣ ስድ አደረግሽው የሚለኝም አይጠፋም።

ማራኪ አካባቢ ቤት ለቤት እየሄደች እንዲህ ያሉ ልጆችን የምታግዝ ልጅ አለች ብለው ጠቆሙኝ። ቪአር መነጽር (ዓይን ላይ ሲደረግ ሌላ ቦታ ያለህ የሚያስመስለውን) ይዛ ስትመጣ፣ እውነቱን ልናገርና፣ በጌም ብሬን ልትበላ ነው ብዬ ነበር። እሷ ለካ ፒያሳ ያለውን ጸጉር ቤት ባለቤቱን አስፈቅዳ በ360 ካሜራ ቀርጻዋለች፣ በሩን፣ ወንበሩን፣ ቆራጩ "እንዴት ነህ ጎረምሳው" ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ማሽኑ ሲበራ። ልጄ መነጽሩን ሲያደርግ እዛው የተቀመጠ ያህል ነው፣ ዞር ባለበት ሁሉ ይታየዋል። ድምጹን መጀመሪያ ዘጋችው፣ ከዛ በትንሽ በትንሹ ለቀቀችው። ሲጨንቀው ያወልቃል፣ ቆራጩም መቶ ጊዜ ሰላም ቢል አይሰለች አይቆጣ። ሰላምታ መመለስ፣ ተራ መጠበቅ፣ "በቃኝ" ማለት፣ ያለማመደችው እነዚህን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሶስት ቀን መነጽሩን ሲነካካ ብቻ ዋለ፣ አልቸኮለችም። ስለሚያዞር ከ10 ደቂቃ አታስበልጥም። ነገሩ አዲስ እንዳልሆነም የነገረችኝ እሷ ናት፣ አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸውን ሁለት ልጆች መንገድ ላይ መኪና መለየት በዚሁ በቪአር አለማምደዋል።

ከዛ መነጽሩ ብቻውን ዋጋ የለውም ብላ ሰው በማይበዛበት ጠዋት እውነተኛው ጸጉር ቤት ወሰደችው፣ አንዴ በር ላይ ቆመው ተመለሱ፣ አንዴ ገብተው ወጡ፣ በአራተኛው ተቀመጠ። "እንዴት ነህ ጎረምሳው" ሲለው እጁን ዘረጋለት! እኔ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፣ ባለ ባጃጁ ሰው የሞተብኝ መስሎት ሂሳብ አልቀበልም አለ። ከኋላ ትንሽ ሳይቆረጥ ቀርቷል፣ ይቅር።

ኦቲዝሙ ጠፋ እያልኩ አይደለም፣ ቅዳሜ ገበያ ዛሬም አይታሰብም። አሁን የጥምቀቱን፣ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባህሩ ጋ የቀረጸችውን ጀምረዋል፣ እልልታው ላይ ነው የተቸገርነው።

መብራት ጠፍቶ መነጽሩ ቻርጅ ያጣ ቀን አላስከፈለችኝም። ስልኳን የምትፈልጉ ኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ግን እሁድ እንዳትደውሉባት፣ አታነሳም።