በእግር የሚረገጥ የሣር መሬት መብሻ፦ ለማን ይሆናል?

መጸው ሲገባ የግቢ ሣር ብዙ ሥራ ይፈልጋል፤ ቅጠል መጥረግ፣ የሳሳውን ቦታ መዝራት፣ ማዳበሪያ መስጠት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሲረገጥ የከረመውን መሬት ማስተንፈስ፣ ማለትም እየበሱ ማላላት ይቀድማል። በጠጠረ መሬት ላይ የተበተነ ዘር ሥር የሚሰድበት አያገኝም፤ ማዳበሪያውንም ውኃ ጠርጎት ይሄዳል። ለዚህ ሥራ ከሚሸጡት የእጅ መሣሪያዎች ቀላሉ ከላይ መያዣ፣ ከታች የእግር መርገጫ፣ ከመርገጫው ሥር ደግሞ ሁለት የብረት ቱቦዎች ያሉት ነው።

ቱቦው ውስጡ ባዶ ስለሆነ አፈሩን ጎምዶ ያወጣል፤ ዙሪያውን ያለው አፈርም የሚላላበት ቦታ ያገኛል። ጫማ ላይ የሚታሰሩት ባለ ሚስማር ሶሎች ግን አፈሩን ወደ ጎን ስለሚገፉት የቀዳዳውን ግድግዳ ይባስ ያጠብቁታል። ቢረክሱም አይገዙ።

ሲገዙ መጀመሪያ የቱቦውን አፍ ይዩ። ጥሩው ቱቦ አፉ ጠበብ፣ ውስጡ ሰፋ ያለ ነው፤ የገባው የአፈር ጉማጅ ሳይጣበቅ በሚቀጥለው ተገፍቶ ከላይ ይወድቃል። ከጫፍ ጫፍ እኩል የሆነ ተራ ቱቦ ቶሎ ይደፈናል። ከተደፈነ በኋላ ደግሞ ከሚስማሩ አይለይም፤ ቀዳዳው ስለሚታይ ብቻ ሥራው የተሠራ ይመስላል። ስለዚህ ጉማጁ መውጣቱን ቶሎ ቶሎ ማየት፣ ካልወጣ በካቻቢቴ ከታች ወደ ላይ መግፋት ነው። የመርገጫው ብየዳም ዙሪያውን የዞረ ይሁን፤ የሰው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ቱቦው ደጋግሞ ከተደፈነ እርጥበቱንም ይጠርጥሩ። ደረቅ መሬት አያስገባም፤ ጭቃ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ተለጥፎ ይቀራል። 2.5 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ የሚሆን ውኃ አጠጥቶ ማሳደር ይበቃል። ካቻቢቴው ያለ ትግል ገብቶ ሲወጣ ጭቃ ካልያዘ ጊዜው ደርሷል። ቱቦው ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር መዝለቅ አለበት።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ቀዳዳዎቹ በ10 ሳንቲሜትር ቢራራቁ አንድ ካሬ ሜትር 100 ቀዳዳ ይፈልጋል፤ በሁለት ቱቦ 50 ጊዜ መርገጥ ማለት ነው። 100 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ 5,000 ጊዜ! በ15 ሳንቲሜትር ቢያራርቁት ወደ 2,200 ይወርዳል፣ ጥቅሙም አብሮ ይቀንሳል። እንግዲህ መሣሪያው የሚሆነው ለ20 ወይም ለ30 ካሬ ሜትር፣ አለዚያም ሰው ለሚመላለስበትና ልጆች ለሚጫወቱበት ጠጣር ቦታ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ባለ ሞተሩን መከራየት ይሻላል።

ጉማጆቹን አይልቀሙ፤ ሲደርቁ በሬክ ይፈርሳሉ። ዘሩን በዚያው ቀን ይበትኑ፤ ፌስኩ የተባለው የሣር ዓይነት ከሆነ በካሬ ሜትር ከ15 እስከ 20 ግራም ይበቃል። እስኪበቅል ድረስ ላዩ እንዳይደርቅ በቀን ሁለት ሦስቴ ቀለል አድርጎ ማርጠብ ነው። ራይግራስ የተባለው ሣር በ10 ቀን ገደማ ብቅ ሲል ብሉግራስ የተባለው እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ዘሩ ሞተ ብለው ውኃውን አያቋርጡ።

ይህ ሁሉ ቀዝቃዛ አየር ለሚወዱ የሣር ዓይነቶች ነው። እንደ በርሙዳ ያለ ሙቀት ወዳድ ሣር ብርድ ገብቶ እድገቱን አቁሞ ሊተኛ ሲል ቢበሳ ቁስሉን የሚሞላበት ጊዜ ስለማያገኝ ሥራው ሙቀት ሲገባ ይሠራለት።