በወርሃዊ ክፍያ ስልክ ልትወስዱ ያሰባችሁ የድሬ ልጆች፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ቆለፉብኝ። ያውም የወሩን ክፍያ ከከፈልኩ በኋላ። የድርጅቱን ስም አልጽፍም፤ ነገ ንግድ ቢሮ ማመልከቻ ስለማስገባ ከዚያ በፊት ሰበብ ልሰጣቸው አልፈልግም። ግን ከዚራ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ሙዚቃ ለቀው፣ «ቅድመ ክፍያ ብቻ!» እያሉ የሚጣሩትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

ታይዋን ገበያ፣ እዚሁ ድሬ፣ በጥሬ ገንዘብ 19,500 ብር የሚሸጠውን ስልክ በ5,000 ብር ቅድመ ክፍያ፣ ቀሪውን ለ12 ወር በየወሩ 1,900 ብር ልከፍል ወሰድኩ። ሲደመር 27,800 ብር ነው። ይህን አውቄ ነው የገባሁበት። ልብስ የምሸጠው በቴሌግራም ነው፤ ጥሩ ካሜራ የሌለው ደንበኛ አያገኝም፤ 19,500 ብር በአንዴ ቆጥሮ የሚያወጣ ደግሞ ስንቱ ነው? በዋጋው አልከራከርም። የምከራከረው ቁልፉን እነሱ ይዘው ስልኩን ለእኔ ስለሸጡበት ነገር ነው።

ጠዋት ስነሳ የሐረሯ ደንበኛዬ የሰርግ ቀሚሷን ልትጠይቀኝ እየደወለች መሆን ነበረበት። ስልኩ ግን ጠቁሮ «ይህ መሣሪያ በክፍያ መዘግየት ምክንያት ተቆልፏል» ይላል። ከአስቸኳይ ጥሪ ሌላ ምንም አይነካም። በባጃጅ እየበረርኩ ቢሯቸው ሄድኩ።

ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አላየችኝም። «ከፍያለሁ እኮ» አልኳት።

«ሲስተም ላይ የለም።»

«በቴሌብር ነው የከፈልኩት፤ ብሩ ከሂሳቤ ወጥቷል።»

«እሺ፣ የከፈልሽበትን ሜሴጅ አሳዪኝ።»

ስልኩን አዙሬ አሳየኋት። ሜሴጁ ያለው እዚያው ውስጥ ነው፤ ራሳቸው በቆለፉት ስልክ ውስጥ። አየችው፣ ገባትም። እንደገባት ፊቷ ላይ አይቻለሁ። «ያለ ማስረጃ ምን ላድርግልሽ?» አለችና አጠገቧ ካለው ልጅ ጋር ስለ ምሳ ማውራቷን ቀጠለች።

«ለአንዴ ክፈቱልኝና ላሳያችሁ» ብዬ ለመንኳት። «የሚከፈተው ሲከፈል ነው» አለች፤ አሁንም ወደ እኔ ሳትዞር።

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ አባት ቆመዋል። ከገንደ ቆሬ ነው የመጡት፤ ልጃቸው ከጅቡቲ የሚያገኛቸው በዚያ ስልክ ነው፤ ያው ጥቁር ጽሑፍ የእሳቸውም ላይ አለ። «እኔንም ስሙኝ፣ ልጆቼ» ሲሉ ማኔጀር ነኝ የሚለው ጎረምሳ ብቅ ብሎ «አንተ፣ ቁጭ በል፣ ተራህን ጠብቅ» አላቸው። በዚህ ከተማ የአባቱን እኩያ «አንተ» የሚል ሰው ከየት መጣ?

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የፈረምኩትን ፎርም ከፋይሉ አወጣ። ጥቅጥቅ ያለ እንግሊዝኛ ነው። አንዱ መስመር ላይ ጣቱን አስቀምጦ «ፊርማው ያንቺ ነው አይደል? ስልኩ ገና ያንቺ ንብረት አይደለም» አለኝ። ሲሸጡልኝ ይህን መስመር ያነበበልኝ የለም። የስልክ ቁጥሮቼን ዝርዝርና ያለሁበትን ቦታ ስልኩን የሚቆልፈው የእነሱ መተግበሪያ እንዲያይ «ፍቀድ» የሚለውን እንኳ የነካው ሻጩ ራሱ ነው፤ «ለማስጀመር ነው» እያለ በጣቱ ተራ በተራ አለፈው። ስልኩ የእነሱ ነው እንበል። የደንበኞቼ አድራሻስ? የእናቴ ፎቶስ? እሱም በወርሃዊ ክፍያ ነው የተሸጠልኝ?

ሲም ካርዴን አውጥቼ በእህቴ ስልክ የክፍያውን ዝርዝር ይዤ ተመለስኩ። ቀኑም ብሩም ልክ። «ሲስተም ዘግይቶ ነው» አሉኝ፤ ይቅርታ የለም። ቀጥለው ለመክፈቻ 300 ብር ጠየቁኝ! በእነሱ ጥፋት ለተቆለፈ። አልከፍልም አልኩ፤ ስልኩ ይህን ስጽፍም እንደተቆለፈ ነው። ታይዋን ገበያ ያሉት ስልክ ጠጋኞች ፍላሽ ቢደረግም፣ ማለትም ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ቢጫንም፣ ኢንተርኔት እንዳገኘ መልሶ ይቆለፋል ብለውኛል።

ባንክ እንኳ በዕዳ የያዘውን ቤት ለመሸጥ በ1990 በወጣው አዋጅ መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እነዚህ በአንድ ሌሊት፣ ሳይደውሉ፣ ሳይጠይቁ፣ መተዳደሪያዬን ዘጉት። ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ፈጻሚውም ራሳቸው ናቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል፤ ነጋዴ ራሱን ከግዴታው ነፃ የሚያደርግ ቃል በውል ፎርም እንዳያስገባም ይከለክላል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ፈቃድ የሚለው ሰው አውቆና ወዶ የሚሰጠውን ነው፤ ሻጭ በጣቱ የነካውን አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምንለዋወጠው አይደፈርም ይላል። ይህን ሁሉ ለማኔጀሩ ስነግረው «ሂጂና ክሰሺ» አለኝ። እሄዳለሁ።

የምትገዙ ከሆነ ውሉን በአማርኛ አምጡ በሉ፣ ማን እንደሚቆልፍና ማን እንደሚከፍት በጽሑፍ ጠይቁ፣ በየወሩ የወረቀት ደረሰኝ ተቀበሉ። አሁን የተቆለፈባችሁ ካላችሁ ውላችሁን ይዛችሁ ንግድ ቢሮ ኑ፤ ሽማግሌውም እመጣለሁ ብለዋል። የውሉንም የደረሰኙንም ፎቶ ዛሬውኑ አንሱ፤ ግን በራሱ በስልኩ ሳይሆን በቤተሰብ ስልክ።