ውሻዎ በሌሊት ታመመ፦ መጠበቅ ወይስ መሄድ?

ደሴ ላይ ውሻ በሌሊት ሲታመም ምርጫው ሁለት ነው።

እስከ ንጋት መጠበቅ፦ ወጪ የለውም። አንዴ ያስመለሰ፣ ነገር ግን ውኃ የሚጠጣና ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ይቆያል።

አሁኑኑ መሄድ፦ የባጃጅና የሕክምና ክፍያ አለው፤ በሌሊት የእንስሳት ሐኪም ማግኘትም ስለሚከብድ ስልክ ቁጥሩን በደህናው ቀን መያዝ ይበጃል። ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ግን ጨጓራው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ድዱ ከነጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረውም አይጠበቅም። ድመት ካለዎትም፣ መሽናት ያቃተው ወንድ ድመት እንዲሁ አይጠበቅም። «ወተት አጠጣው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ እኔ አልሰማውም።

ጠባዩ ድንገት ተለውጦ ለሃጩ የሚዝረከረክ ውሻ ከሁለቱም ምርጫ ውጭ ነው፦ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል አይንኩት፤ በር ዘግተውበት ባለሙያ ይጥሩ። ነክሶዎት ከሆነ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ታጥበው ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።