ለቤተ ሙከራችን ቴክኒሻን ምስጋና፣ ሁለተኛ ዲግሪ ለምትጀምሩም ጥቆማ

በኬሚካል ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን በቅርቡ አስረክቤያለሁ። እንደ ወጉ መግቢያው ላይ የምስጋና ገጽ አለው። እንዲህ ባሉ ገጾች አማካሪዎች፣ ወላጆችና የገንዘብ ድጋፍ የሰጡ ሁሉ በየስማቸው ይጠራሉ። ቀኑን ሙሉ ከመሣሪያው ጋር የሚታገሉት ሰዎች ግን «ለቴክኒክ ሠራተኞች በሙሉ» በምትል ሐረግ ተጠቅልለው ይታለፋሉ። ይህች ሐረግ ሁልጊዜ ታናድደኛለች። ስለዚህ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ምስጋና እዚህ በአደባባይ ልጻፍ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ፤ የትምህርት ክፍላችን ተማሪ ማን እንደሆኑ አይጠፋውም።

ሥራዬ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ሃይድሮጅንን በኒኬል ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን በሚያፋጥን ነገር) ላይ አሳልፎ ሚቴንና ውኃ ማግኘት ነበር። አጸግብሮቱ (ኬሚካዊ ለውጡ) በስሙ የሚጠራው ፈረንሳዊ ኬሚስት፣ ፖል ሳባቲየ፣ በደቀቁ ብረታ ብረቶች አማካይነት ሃይድሮጅንን ከሌሎች ውህዶች ጋር ስለማዋሃድ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው፤ ወረቀት ላይም ቀላል ይመስላል። ካርቦን ወደ ሪአክተሩ (አጸግብሮቱ ወደሚካሄድበት ቱቦ) የሚገባው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ብቻ ስለሆነ የገባው ካርቦን ከወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። ከእኔ ሪአክተር ግን ይወጣ የነበረው ከገባው 81 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበር።

አማካሪዬ ካርቦን ካታሊስቱ ላይ እየተጠራቀመ ነው ብለው ጠረጠሩ። አብራኝ የምትሠራ ተማሪ ደግሞ ጋዝ እያመለጠ ነው አለች። ሁለቱም ከመጽሐፍ የሚገኙ፣ ትክክለኛ ጥርጣሬዎች ናቸው። ጋሼ ሲመጡ መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹን በሙሉ የሳሙና ውኃ ቀቡ፤ አንድም አረፋ አልወጣም። ካታሊስቱን ዞር ብለው እንኳን አላዩትም። ወደ ጋዝ ፍሰት መለኪያው ጎንበስ ብለው ጎኑ ላይ የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ለአየር የተሠራ ነው» አሉኝ።

መለኪያው ሮታሜትር የሚባለው ነው። ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ባለ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለች ትንሽ ተንሳፋፊ ጋዙ ሲገፋት ከፍ ትላለች፤ ፍሰቱ የሚነበበው ከቆመችበት ምልክት ነው። ከባድ ጋዝ ግን ተንሳፋፊዋን ከአየር ይበልጥ ይገፋታል። የአየር ሞለኪውላዊ ክብደት 29 ያህል፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ 44 ነው። 29ን ለ44 አካፍለን ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ 0.81 ይመጣል። መለኪያው 100 ሲል በእውነት የሚያልፈው 81 ነው ማለት ነው። ስፈልገው የከረምኩት ካርቦን ከመጀመሪያውም አልገባም! መሣሪያው ከቀደሙት ተማሪዎች ሲወራረስ የመጣ ስለሆነ ማን እንደገጠመው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

ከእኔ ቢሆን ቁጥሮቹን በ0.81 አባዝቼ ሥራዬን እቀጥል ነበር። ጋሼ ግን ስሌት ብቻውን አይበቃቸውም። ምልክት የተደረገበት የመስታወት ቱቦ አመጡና ከሥሩ የሳሙና አረፋ እየለቀቁ አረፋው 50 ሚሊ ሊትር ለመውጣት የሚፈጅበትን ጊዜ በሰዓት ይዘው ለኩ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ፣ ከመለካታቸው በፊት የሳሙናውን ውኃ በዚያው ጋዝ ለረጅም ጊዜ አጠገቡት። ይህችን ነገር በየትኛውም ክፍል ውስጥ ማንም አላስተማረኝም። ከዚያ በኋላ የካርቦን ሚዛኑ ገጠመ።

የሙቀቱ ጉዳይም እንዲሁ ነው። አጸግብሮቱ በአንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 165 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። ቴርሞኮፕሉ (ሙቀት የሚለካው ሽቦ) ከቱቦው ውጭ የተለጠፈ ስለነበር የምድጃውን እንጂ የካታሊስቱን ሙቀት አይነግረንም ነበር። ቀጭን ቴርሞኮፕል ወደ ውስጥ እንዲገባ አደረጉ፤ ካታሊስቱንም ከኳርትዝ አሸዋ ጋር አደባልቀው ሙቀቱ በአንድ ቦታ እንዳይከማች አደረጉ።

ጋሼ የቲዮሪ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውም እንደዚያ ነን አይሉም። ሆኖም አክቲቬሽን ኢነርጂ (አጸግብሮቱ እንዲጀምር የሚያስፈልገውን ኃይል) ያወጣሁበትን ግራፍ ሳሳያቸው ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ «ካታሊስቱን አድቅቀሽ ሞክረሻል?» ጋዙ በካታሊስቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ለመግባት ከተቸገረ የሚለካው አክቲቬሽን ኢነርጂ ከእውነተኛው ወደ ግማሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ካታሊስቱ ሲደቅ የአንድ ግራም ምርት ከጨመረ ችግሩ እዚያ አለ ማለት ነው። በመመረቂያ ፈተናዬ ከባዱ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ መልሱን ይዤ ገባሁ።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን ስላስቆጡኝ አንድ ሕጋቸው ነው። የኒኬል ካታሊስት ያለበትን ሪአክተር ሳይጠርጉ ማቀዝቀዝ በእሳቸው ዘንድ ክልክል ነው። መጀመሪያ ናይትሮጅን እያለፈበት የቀረው ጋዝ በደንብ ይጠረጋል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይከፈታል። ወደ ቤት ለመሄድ ለቸኮለ ሰው ይህ ያበሳጫል። ምክንያቱ ግን ቀልድ አይደለም። በምርቱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ካለ፣ ሪአክተሩ ሲቀዘቅዝ ከኒኬሉ ጋር ተዋህዶ ኒኬል ካርቦኒል ሊሆን ይችላል። ይህ በ43 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላ፣ በጥቂቱም ቢሆን ሲተነፍሱት የሚገድል መርዝ ነው። በእኛ ቤተ ሙከራ ይህን ሕግ የሚያስከብረው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሳይሆን የጋሼ ቁጣ ነው።

ጥቆማዬ እውነተኛ እንዲሆን ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ። ሥራቸው ዝግ ያለ ነው፤ ማንም አያስቸኩላቸውም። የሥራ ሰዓት ካለቀ በኋላ አይገኙም። ስምና ቀን ያልተጻፈበት ጠርሙስ ካዩ ባለቤቱ እስኪመጣ ቆልፈው ያስቀምጡታል፤ ባለቤቱም ሲመጣ መጀመሪያ ተግሣጹን ይሰማል። ውጤታችሁን በስልክ ፎቶ ልታሳዩዋቸው ብትሞክሩም አይመለከቱም። የመዝገብ ደብተር ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ።

በዚህ ዓመት ሙከራ የምትጀምሩ፣ ርዕሳችሁን ለአማካሪያችሁ ከማስገባታችሁ በፊት የመሣሪያችሁን ንድፍ በወረቀት ስላችሁ ለጋሼ አሳዩ። እያንዳንዱ መለኪያ በምን ጋዝ እንደተስተካከለ፣ ቴርሞኮፕሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ጋዙ በመጨረሻ በየት በኩል እንደሚወጣ ጻፉበት። ሌላ ቦታ የምትማሩም በየቤተ ሙከራችሁ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ቀድማችሁ ፈልጉት። ወደ ጋሼ የምትሄዱ ከሆነ ማለዳ ሂዱ፤ ጋዝ ክሮማቶግራፉን (የጋዝ ቅልቅልን ለይቶ የሚለካውን መሣሪያ) አብርተው እስኪረጋ በሚጠብቁበት ሰዓት ጊዜ አላቸው። የጋዝ ሲሊንደሮች በሚረከቡበት ቀን ግን ባትሄዱ ይሻላል።